ኮምፒውተሩ «ተፈጸመ» ሲል ምን ማለቱ ነው?



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ መዝገብ ቤት አያያዝ ጥቂት ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ኮምፒውተር ውስጥ ሳይታይ ስለሚሠራ አንድ ትንሽ አገልጋይ እንነጋገራለን። ይህ አገልጋይ ስክሪፕት ይባላል። ስክሪፕት ማለት ሰው በእጁ ደጋግሞ የሚሠራውን ሥራ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲሠራው በተርታ የተጻፈ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። «ይህን ፋይል ክፈት፤ ይህን ዝርዝር ከዚያኛው ጋር አስተያይ፤ የተገኘውን በዚህ ስም አስቀምጥ» እያለ ያዝዛል፤ ኮምፒውተሩም ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽማል።

አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምንት በቅድሚያ ሁለት ቃላትን እንድትለዩ እለምናለሁ። አንደኛው «ተፈጸመ» ሲሆን ሁለተኛው «ተሳካ» ነው። «ተፈጸመ» ሲባል ሥራው እስከ መጨረሻው ደረሰ፣ አለቀ ማለት ነው። «ተሳካ» ሲባል ግን የታሰበው ነገር እንደ ታሰበው ሆነ ማለት ነው። ጉዞ ሊፈጸም ይችላል፤ ነገር ግን መንገደኛው የሄደበት ጉዳይ ሳይሳካለት ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። እነዚህን ሁለት ቃላት እንደ አንድ ቃል ከመቍጠር የተነሣ የደረሰውን ነገር ከዚህ ቀጥዬ እተርካለሁ።

እኔ ራሴ ከሠራተኞቹ አንዱ በነበርሁበት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በየወሩ ሁለት የስም ዝርዝሮች ይስተያዩ ነበር። የመጀመሪያው የጡረታ አበል የሚገባቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ከባንክ የሚላክልን፣ የሒሳብ ቁጥር ያላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ስሙ በሁለቱም ላይ ለተገኘ ሰው አበሉ ወደ ሒሳቡ እንዲገባ ይታዘዝለታል። ቀድሞ ሁለት ጸሐፊዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው በእርሳስ ምልክት እያደረገ፣ ሦስት ቀን ይፈጁበት ነበር። በኋላ ግን አንድ ትጉህ ወጣት ባልደረባችን ፓወርሼል በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ አንድ ስክሪፕት ጻፈና የሦስቱ ቀን ሥራ ወደ ጥቂት ደቂቃ አጠረ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ወጣቱም ተመሰገነ።

ስክሪፕቱ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር በመስኮቱ ላይ «ተፈጸመ» የሚል አንድ ቃል ያወጣ ነበር። እኛም ያንን ቃል እያየን ዝርዝሩን ለፊርማ እናቀርባለን። ከጊዜ በኋላ ወጣቱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ ስክሪፕቱ ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ።

አንድ ቀን ጧት ባላቸው በሞት የተለዩአቸው አንዲት አረጋዊት እናት ወደ ባለጉዳይ መስኮት ቀርበው የወሩ አበል እንዳልደረሳቸው ተናገሩ። ወጣቱ ጸሐፊ የኮምፒውተሩን ዝርዝር ተመለከተና «እማማ፣ ስምዎ በዝርዝሩ ላይ የለም» አላቸው።

«ልጄ፣ ባለፈው ወር ነበርሁ። በዚህ ወር ወዴት ሄድሁ?» ሲሉ ጠየቁት።

ጸሐፊው የሚመልሰው ቢያጣ «ኮምፒውተሩ ነው እንዲህ ያለው፣ እማማ» አላቸው። እርሳቸውም አስቀድመው ወደ ባንኩ መሄዳቸውን፣ በዚያም ገንዘብ አልገባም መባላቸውን፣ የቤት ኪራይ የሚከፈልበትም ቀን መድረሱን በትሕትና አስረድተው በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ የክፍላችን ኀላፊ ከቢሮአቸው ወጥተው ነገሩን ሰሙና «ኮምፒውተሩ ነው የሚለው ቃል ለባለጉዳይ መልስ አይሆንም፤ ዛሬ ምክንያቱ ካልተገኘ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም» ብለው አዘዙ። እኔና ሌላ አንድ ባልደረባዬ ፍለጋውን ጀመርን።

የስክሪፕትን ጉድለት መፈለግ የራሱ ሥርዓት አለው። የፕሮግራም ሊቅ መሆንን አይጠይቅም፤ ትዕግሥትንና ተራ መጠበቅን ይጠይቃል። እኛ በዚያን ቀን የሄድንበትን መንገድ በተራ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ምንም ሳንነካ ግልባጭ ወሰድን። ስሕተት ሲገኝ የሰው እጅ ለማረም ይቸኩላል። ነገር ግን ዋናውን ጽሑፍ እየቀየሩ የሚፈልጉ ሰዎች ጥቂት ቆይተው የትኛው የቀድሞው ጉድለት እንደ ሆነ፣ የትኛውም በራሳቸው እጅ የተጨመረ እንደ ሆነ መለየት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ስክሪፕቱንና ሁለቱን ዝርዝሮች ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጠን፣ ቀኑን ጽፈን፣ በግልባጩ ላይ ብቻ ሠራን።

ሁለተኛ፤ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ለመስማት ሞከርን። ፓወርሼል ስሕተት ሲያጋጥመው እንደ ልማዱ በቀይ ፊደል ይጽፋል፤ በስንተኛው መስመር ላይ እንደ ሆነም ይናገራል። ብዙ ሰዎች ይህን ቀይ ጽሑፍ እንደ ቍጣ ቈጥረው ቶሎ ይዘጉታል። ይህ ግን ታላቅ ስሕተት ነው፤ ቀዩ ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ነውና። እኛ ዘንድ ቀይ ጽሑፍ ከቶ ታይቶ አያውቅም ነበር። ምክንያቱን ስንመረምር በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ «ስሕተት ቢያጋጥምህ ዝም ብለህ ቀጥል» የሚል ትእዛዝ አገኘን። ወጣቱ ምናልባት በመስኮቱ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ እንዳያሰለቸን አስቦ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዝም በል የተባለ ምስክር በፍርድ ቀን አይጠቅምም። ያንን መስመር በግልባጩ ላይ አሰናከልነውና እንደገና አስሮጥነው። ነገር ግን አሁንም ቀይ ጽሑፍ አልወጣም። ስለዚህ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አለፍን።

ሦስተኛ፤ ቈጠርን። በአበል ዝርዝሩ ላይ 840 ሰዎች ነበሩ። ስክሪፕቱ አስተያይቶ ያወጣቸው ግን 817 ነበሩ። 23 ሰዎች በመንገድ ቀርተዋል ማለት ነው። ስክሪፕቱ ስለ እነዚህ 23 ሰዎች አንዲት ቃል አልተናገረም፤ እንዲናገር የሚያዝዘው መስመር አልነበረምና። በዚያን ሰዓት ሁላችንም ዝም አልን። በአግዳሚው ላይ የተቀመጡት እናት አንዲት ነበሩ፤ ሌሎቹ 22 ሰዎች ግን ገና አልመጡም ነበር።

አራተኛ፤ ከብዙው አንዱን ብቻ ይዘን መረመርን። የእኚህን እናት ስም ከሁለቱም ዝርዝሮች ላይ አውጥተን ጐን ለጐን አስቀመጥን። በአፍ ሲነበቡ አንድ ናቸው። በዐይን ሲታዩ ግን የአባታቸው ስም በእኛ ዝርዝር ላይ በ«ኃ»፣ በባንኩ ዝርዝር ላይ ደግሞ በ«ሃ» የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። ባንኩ በዚያ ወር ዝርዝሩን እንደ አዲስ አስተይቦ ኖሮ፣ የአዲሱ ታይፒስት እጅ ከቀድሞው ተለይቷል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ የአማርኛን ፊደል የምትማሩ ሁሉ ይህን ነገር በሚገባ ታውቁታላችሁ። በአማርኛ ንግግር ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደዚሁ። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ ዓለም ብሎ ሲጽፍ ሌላው አለም ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢም ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነብባል። ኮምፒውተር ግን ድምፅን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ነው። የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በተሰጠበት ዩኒኮድ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ የግእዝ ፊደላት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ሲገቡ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተመድቦለታል። የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ የ«ሐ» 4624 ነው፤ የ«ኀ» ደግሞ 4736 ነው። ስለዚህ በእኚያ እናት ስም ላይ የነበረው «ኃ» 4739፣ «ሃ» ደግሞ 4611 ነበር። ለእኛ አንድ ሰው የሆኑት እናት ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሆነው ታዩት።

ይህን ሥርዓት ያወጡ ሰዎች ለምን ሦስቱን አንድ አላደረጓቸውም የሚል ጠያቂ ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ፊደሉ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ በድምፅ የተለያዩ ናቸው፤ አፉን በትግርኛ የፈታ ሰው ከጕሮሮው የሚወጣውን «ሐ» ከ«ሀ» ጋር አያምታታም። በትግርኛ ደስታ ማለት የሆነውን «ሓጎስ» የሚለውን ስም እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ትግርኛ ጸሐፊ ሓጎስ ብሎ ይጽፈዋል። የአማርኛ ጸሐፊዎች ግን ሐጎስ፣ ሃጎስ፣ ሀጎስ እያሉ ሊጽፉት ይችላሉ። በአራት መሥሪያ ቤቶች አራት ዓይነት ሆኖ የተጻፈ አንድ ሰው በስክሪፕት ፊት አራት ሰው ይሆናል፤ ወይም ከሁሉ የከፋው፣ ማንም ሳይሆን ይቀራል።

የቀሩትንም 22 ስሞች አንድ በአንድ መረመርናቸው። እኚያን እናት ጨምሮ 14ቱ በእንዲህ ያለ የፊደል ልዩነት የቀሩ ነበሩ። በ6ቱ ላይ በስሙ መጨረሻ ማንም የማያየው ባዶ ቦታ ተጨምሮ ተገኘ፤ ታይፒስቱ ስሙን ጽፎ የክፍተቱን መምቻ አንድ ጊዜ ነክቶ አልፏል። በ3ቱ ላይ ደግሞ በስምና በአባት ስም መካከል በእኛ ዘንድ እንደ ድሮው አጻጻፍ ሁለት ነጥብ ሲኖር በባንኩ ዘንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። ለሰው ዐይን እንደ ኢምንት የሚቈጠሩ ነገሮች ለሃያ ሦስት ቤተሰብ የአንድ ወር እንጀራ ሆኑ።

አምስተኛ፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አረምን። መጀመሪያ የትርፍ ባዶ ቦታዎችን የሚጠርግ መስመር ጨመርንና ቈጠርን፤ የቀሩት ወደ 17 ዝቅ አሉ። ቀጥሎ ሁለት ነጥቡን ወደ ባዶ ቦታ የሚለውጥ መስመር ጨመርንና ቈጠርን፤ የቀሩት 14 ሆኑ። እንዲህ ሲደረግ የትኛው መድኃኒት የትኛውን በሽታ እንደ ፈወሰ ይታወቃል። ሁሉን በአንድነት ቢያርሙት ግን ቢድን እንኳ በምን እንደ ዳነ አይታወቅም፤ ቢብስም በምን እንደ ባሰ አይታወቅም።

ስለ ፊደሉ ግን ክርክር ተነሣ። ባልደረባዬ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ፊደል እንለውጥ አለ። ይህ አሳብ በከፊል መልካም ነው። ሆኖም ሁለት አደጋዎች አሉበት። የመጀመሪያው፣ የሰው ስም የባለቤቱ ስለ ሆነ በመዝገቡ ላይ ያለውን አጻጻፍ ለኮምፒውተር ምቾት ብሎ መለወጥ ተገቢ አይደለም። ሁለተኛው፣ ፊደላቱ አንድ ሲሆኑ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ስማቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የአንዱ አበል ወደ ሌላው ሒሳብ ይሄዳል። ስለዚህ የክፍሉ ኀላፊ እንዲህ ሲሉ ወሰኑ፦ ዋናው ማስተያያ የጡረታው መለያ ቁጥር ይሁን፤ ባንኩም ይህንኑ ቁጥር በዝርዝሩ ላይ እንዲጨምር ይጠየቅ፤ ፊደላቱ የተዋሐዱበት ስም ለማመሳከሪያ ብቻ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፤ ዋናው ስም ግን እንደ ተጻፈ ይኑር፤ ያልተገናኘ ስም ሁሉ በሰው ዐይን ሳይታይ አይለፍ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለ23ቱ ሰዎች ተጨማሪ የክፍያ ትእዛዝ ተጻፈ። ኀላፊውም ወደ አግዳሚው ወንበር ሄደው እናቲቱን ይቅርታ ጠየቋቸው።

ከዚህ በኋላ ጥርጣሬ ስለ ገባን ይኸው ወጣት ጽፎት የነበረውን ሌላ ስክሪፕት ደግሞ ለማየት ተነሣን። ይህኛው በየሌሊቱ የመዝገቡን ግልባጭ ወደ ሰርቨሩ የጋራ መደርደሪያ የሚያስቀምጥ ነበር። መደርደሪያውን ስንከፍት የመጨረሻው ግልባጭ የአምስት ወር ዕድሜ ያለው ሆኖ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ኖሮ የአምስት ወር ሥራ አብሮ ይጠፋ ነበር። በእጃችን ስናስሮጠው ግን ያለ አንዳች እንከን ሠራ!

በእጅ የሚሠራ፣ በቀጠሮ ሰዓት ግን የማይሠራ ስክሪፕት እጅግ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱን ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል። በዊንዶውስ ውስጥ ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሣ «ታስክ ስኬጁለር» የሚባል ክፍል አለ። ይህ ክፍል ስክሪፕቱን ሲያስነሣ እኛ እንደምናስነሣው አይደለም። የመነሻው ፎልደር ካልተነገረው በስተቀር ከዊንዶውስ የራሱ የውስጥ ፎልደር ይነሣል፤ ስለዚህ የፋይሉ ሙሉ አድራሻ ካልተጻፈ ፋይሉን በማይገኝበት ቦታ ይፈልገዋል። ደግሞም የሚሠራው በአንድ ሠራተኛ ስምና የይለፍ ቃል ስለ ሆነ፣ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ቢለውጥ ወይም ስሙ ቢዘጋ ሥራው ይቆማል። የእኛ ጉድለት ግን ሦስተኛው ዓይነት ነበር። የሰርቨሩ መደርደሪያ በኮምፒውተሩ ላይ «ዜድ» በሚል ፊደል ተሰይሞ ነበር። ይህ ስያሜ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ለገባው ሰው ብቻ የሚታይ ነው። ወጣቱ ከተዛወረ በኋላ ሥራው ማንም ኮምፒውተሩን ሳይከፍት በሌሊት እንዲሠራ ተደርጎ ስለ ነበር፣ በዚያ ሰዓት «ዜድ» የሚባል መደርደሪያ አልነበረም። መድኃኒቱም በፊደሉ ፈንታ የሰርቨሩን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ነበር።

ታዲያ ታስክ ስኬጁለር ለአምስት ወር ምን ይል ነበር? የመጨረሻው ውጤት 0 ነው ይል ነበር። በኮምፒውተር ቋንቋ 0 ማለት ስሕተት የለም ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ከስክሪፕቱ አፍ የሚወጣ ነው። ስክሪፕቱ «ዝም ብለህ ቀጥል» ከተባለ፣ በውስጡ አንድም ሥራ ሳይሠራ እስከ መጨረሻው መስመር ደርሶ 0 ብሎ ይመለሳል። ይህ እንግዲህ በመግቢያችን ላይ ያየነው የ«ተፈጸመ» እና የ«ተሳካ» ልዩነት ነው። ስለዚህ የስክሪፕቱን ቃል ብቻ አትመኑ፤ ግልባጩ በቦታው መኖሩን፣ ቀኑና መጠኑ ትክክል መሆኑን በዐይናችሁ ተመልከቱ። በየጊዜውም አንዱን ግልባጭ ከፍታችሁ እስኪነበብ ድረስ ሞክሩት።

በአማርኛ ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ዝርዝርን ወደ ሰንጠረዥ ፋይል በሚያወጣው ትእዛዙ የፊደሉ ዓይነት ዩቲኤፍ 8 እንዲሆን ካልተነገረው የአማርኛውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ከ6ኛው እትም ወዲህ ያሉት ግን ሳይነገራቸው በዩቲኤፍ 8 ይጽፋሉ። እንግዲህ ዝርዝራችሁ ተበላሽቶ ስታገኙት ሁለት ዓይነት ብልሽት እንዳለ እወቁ። በፊደሉ ቦታ የማይታወቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተዘበራርቀው ከታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው አነባበቡ ስለ ሆነ በዩቲኤፍ 8 እንደገና ይከፈት፤ በላዩ ላይ ግን አታስቀምጡበት። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየና በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ይኸው ከሆነ ግን ስሙ ጠፍቷል፤ ከዋናው ዝርዝር እንደገና ከማውጣት በቀር መመለሻ የለውም።

ይህ ነገር የቢሮ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በብዙ ቤት ልጆች ስክሪፕት መጻፍ ይማራሉ። አንድ ወዳጄ ተማሪ ልጁን የቤተሰቡን ፎቶግራፎች እንዲያስተካክልለት ጠየቀው። ልጁም ድጋሚ የሆኑትን የሚደመስስ ስክሪፕት ጻፈ። ነገር ግን ድጋሚ መሆናቸውን የሚለየው በፋይሉ ስም ብቻ ነበር። ካሜራዎች ደግሞ ቁጥራቸውን እንደ አዲስ ስለሚጀምሩ፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፎች አንድ ስም ይዘው ተገኙና የአንደኛው ተደመሰሰ። ደግነቱ እናቲቱ ቀደም ብለው ሁሉን በአንድ ፍላሽ ላይ ገልብጠው በቁም ሣጥን አስቀምጠው ነበር። ልጁን መቈጣት አያስፈልግም፤ ማስተማር ግን ያስፈልጋል። በፓወርሼል የሚደመስሱና የሚያዛውሩ ትእዛዞች «ዋት ኢፍ» የሚባል ተቀጥላ ይቀበላሉ፤ ይህ ሲጨመር ትእዛዙ ሥራውን ሳይሠራ ሊሠራ የነበረውን ብቻ ይናገራል። መጀመሪያ እንዲህ አናግሮ፣ አንብቦ፣ ከዚያ ማዘዝ ይገባል።

በመጨረሻ ስለ መዝገብ አንድ ቃል ልጨምር። በእንግሊዝኛ የፕሮግራም ጉድለት «ባግ» ይባላል፤ ትርጉሙም ነፍሳት ማለት ነው። መሐንዲሶች ይህን ቃል ከኮምፒውተር በፊትም ይጠቀሙበት ነበር። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መስከረም 9 ቀን 1947 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት የተባለውን ኮምፒውተር ይሠሩበት የነበሩ ሰዎች በአንድ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ክፍል ውስጥ እውነተኛ የእሳት እራት አገኙ። ምን አደረጉ? የእሳት እራቷን በፕላስተር በዕለት መዝገባቸው ላይ ለጥፈው ከነሰዓቱ ጻፉት። ያ መዝገብ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። ብዙ ሰው የእሳት እራቷን እየጠቀሰ ይስቃል። እኔ ግን የማደንቀው መዝገቡን ነው። የእኛ ወጣት ባልደረባ መልካም ስክሪፕት ጽፎ ነበር፤ የቀረው ነገር ቢኖር ስክሪፕቱ ምን እንደሚሠራ፣ ከየት አንብቦ ወዴት እንደሚጽፍ፣ ቢሰናከል ማን እንደሚጠየቅ የሚናገር አንድ ገጽ ማስታወሻ ነበር። እርሱን ከመውቀስ ይልቅ ያንን ገጽ ሳንቀበል ያሰናበትነውን እኛን መውቀስ ይሻላል። ሠራተኛ ሲዛወር ቁልፍና ማኅተም እንደሚያስረክብ ሁሉ ስክሪፕቱንም ከነማስታወሻው ማስረከብ ይገባዋል።

ያ ስክሪፕት ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን «ተፈጸመ» የሚለውን ቃል ሠርዘንበታል። አሁን ሥራውን ሲጨርስ «ይህን ያህል ሰዎች ገቡ፤ ይህን ያህል ተገናኙ፤ ይህን ያህል ቀሩ» ብሎ በቁጥር ይናገራል፤ የቀሩትንም ስም ለብቻው ያወጣል። የቀረ ሰው ቢኖር ኀላፊው እያንዳንዱን ስም አንብበው ካልፈረሙበት ዝርዝሩ ወደ ባንክ አይላክም። ይህ በየወሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምርብናል። እኚያ እናት በአግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ያህል ግን አይረዝምም።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ በኮምፒውተር የሚዘጋጅ ደብዳቤ ቀን ሲጻፍበት የእኛን 13 ወሮችና የአውሮፓውያንን 12 ወሮች ሳያምታቱ ስለ መጻፍ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።